ናሆም ያጣበቀው ሰሌዳ

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዎቼ ፊት ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እዚህ መተማ ዮሐንስ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስቄ የማውቅ አይመስለኝም፤ ልጆቹም ደንግጠው ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። አንዷ እንዲያውም "ቲቸር፣ ውኃ ላምጣልዎት?" አለችኝ።

የሳይንስ ክበቡን ልጆች ለአንድ የኦንላይን ሥልጠና አስመዝግቤያቸው ነበር። ተማሪዎች በራሳቸው እጅ የሚሠሯቸው ትንንሽ ሳተላይቶች ወደ ላይ ከመሄዳቸው በፊት ጥራታቸው እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚያስተምር ሥልጠና ነው። እኛ ሳተላይት የለንም። ግን ሥልጠናው በነፃ ነው፤ ኔትወርክና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ትዕግሥቱ ይተካዋል። በኮምፒውተር ክፍላችን ግድግዳ ላይ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጠራ፤ አሠልጣኙ ብቅ አለ። ናሆም ነበር። ወፍሯል፤ ጢሙን አሳድጓል፤ ድምፁ ግን ያው በአፍንጫው በኩል የሚወጣው ድምፅ ነው።

"እኔም እንደ እናንተ ተማሪ ነበርኩ" አለ። "ከጓደኞቼ ጋር የሠራናት ሳተላይት ውስጥ ስማችንን በአሉሚኒየም ሰሌዳ ቀርጸን ልከናል። ይኸው ስሜ በላያችሁ ላይ ይዞራል። ጥራትን ያከበረ ሰው ስሙ ሰማይ ይደርሳል።"

የሳቅሁት እዚህ ላይ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የምጨምርበት ነገር ቢኖር፣ የተወጋ ሰው አለመርሳቱን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ደስ የሚለውም መሆኑን ነው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ፀሐይዋ አናት እየበሳች እንኳ እየሳቅሁ ነበር የሄድኩት።

የተወለድኩት እዚሁ መተማ አጠገብ፣ ኮኪት ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ በሰሊጥ የኖረ ገበሬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ደረሰኝና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳተላይት ከሚሠሩ ተማሪዎች ጋር ተቀላቀልኩ። ስድስት ነበርን። ሳተላይቷ አንድ ሊትር ዘይት ብትይዝ ነው፤ እንዲህ ትንሽ ናት። በሆዷ ካሜራ ነበራት፤ ከላይ ሆና እርሻ እንድታነሳ። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ቅንፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሞረድ እየፋቅሁ፣ እየለካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ጣቶቼ ተላልጠው ነው የጨረስኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጌ የወደድኩት ዕቃ የለም።

ናሆም የቡድናችን መሪ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሲናገር የሚያምርለት፣ ከመምህራን ጋር የሚሳሳቅ። አንድ ቀን ፕሮጀክቱን የሚመሩት ዶክተር "ከእናንተ ውስጥ አንድ ሰው ጥራቱን ይያዝ፤ ዕቃውን ሁሉ እየመረመረ የሚቀበልና የሚጥል" ሲሉ፣ ማንም ሥራውን አልፈለገውም። ናሆም ግን ጊዜ አልፈጀበትም።

"አትጠገብ ትያዘው" አለ። "ጭቅጭቅ ትወዳለች።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያኔ እንዴት እንደሚሳቅ ስለማላውቅ ነው። ቀጥሎ ያመጣው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሚመረምር ሰው መሥራት የለበትም ብሎ የካሜራውን ቅንፍ ከእጄ ወሰደ። ሕጉስ እውነት ነው፤ ሠሪና መርማሪ አንድ ሰው አይሆንም። እሱ ግን ሕጉን ያመጣው ሕግ ወዶ አልነበረም። በሳምንቱ ቅንፉን ለዶክተሩ ሲያሳያቸው "እንዲህ አድርጌ ሠራሁት" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ዶክተሩ "ጎበዝ" አሉት።

ያን ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ተዘጋና አገሬ ገባሁ። የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ያን ወቅት ቆላ ላይ ያላየ ሰው ኮኪትን አያውቃትም። ከጎጃም ከወሎ የሚመጣው ሠራተኛ በየጭነት መኪናው ላይ ተጭኖ ይወርዳል፤ ሰሊጡ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይታጨዳል፤ ነዶው ተደጋግፎ ይቆምና ሂላ የሚባል ክምር ሆኖ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ፍሬውን የያዘው ሙጭጭ በትንሽ ንክኪ ይፈነዳል። ሙቀቱ ልብስን ከጀርባ ጋር ያጣብቃል። ማታ ማታ ከየጎጆው የሚመጣው የወሎና የጎጃም ዘፈን ይፎካከራል። እኔ ግን ያን ዓመት አጨዳውን በሙሉ ልብ አላጨድኩትም፤ በየሁለት ቀኑ መተማ ዮሐንስ ወደ አክስቴ ዘርፌ ዘንድ እሄድ ነበር። ጥራት የተሰጠው ሰው ይህንኑ የኦንላይን ሥልጠና መውሰድ ነበረበት፤ ኮኪት ላይ ደግሞ ኔትወርኩ እንደ ሰማይ ደመና ይመጣል ይሄዳል።

አክስቴ ከጉምሩኩ መንገድ ዳር በራኩባዋ፣ በዳስ ጥላዋ ሥር፣ ፉልና ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ ትሸጥ ነበር። ሹፌሮቹ ተራቸውን ሲጠብቁ እሷ ዘንድ ይቀመጣሉ። ሱዳኖቹ ፉሉን በሰሊጥ ዘይት አጥለቅልቀው ሲበሉ፣ የኛዎቹ በቃሪያ አቃጥለው ይበላሉ። እኔ ጥግ ላይ፣ የከርከዴው ገንቦ አጠገብ፣ ስልኬን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ እማር ነበር። አሠልጣኟ ከውጭ አገር የምታስተምር ሽበታም ሴት ነበረች። በእርጋታ ትናገራለች፤ የማይገባኝ እንግሊዝኛ ሲመጣ እጽፈውና ማታ እፈታዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የተቀመጥኩት ለቂሜ ነበር፤ ናሆም የሚሠራውን ሁሉ "ውድቅ" የምልበትን ቃል ለመማር። ቀስ በቀስ ግን ትምህርቱ ራሱ ያዘኝ። አየር በሌለበት ቦታ ሙጫ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ሄዶ የካሜራ መስታወት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የተፈተነ ሙጫ ካልሆነ አይነካም። ዝምድና፣ ድካም፣ ጥድፊያ የሚባል ምክንያት የለም። የወደቀ ዕቃ ቀይ ምልክት ታስሮለት፣ ለብቻው ተቆልፎ፣ መርማሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን አንድ የቸኮለ ሰው ተሳስቶ እንዳይጠቀምበት። ይህን ስሰማ ፈገግ አልኩ። እኛ ቤት መድኃኒት የተቀላቀለበት የዘር ሰሊጥ ከረጢት አፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ማንም ዘግኖ እንዳይቆላው። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ከረጢት በረሃብ ዘመን እንኳ የሚነካ ሰው የለም።

ከሥልጠናው ሌላ በሳምንት አንድ ጊዜ የቡድናችን ስብሰባ በዚያው ስልክ ይካሄድ ነበር። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ስለ ካሜራው እየተናገርኩ ነው፤ በባዶ እጅ መንካት መቅረት አለበት፣ የእጅ ወዝ ይቀራል እያልኩ። ከኋላዬ የአንድ ባለተሳቢ መኪና ክላክስ ጮኸ፤ አንዱ ሹፌር በዓረብኛ ሌላውን ተሳደበ።

"አትጠገብ፣ እባክሽ ድምፅሽን ዝጊ" አለ ናሆም። "ስብሰባ ነው እንጂ የከብት ገበያ አይደለም።"

እስክዘጋ እንኳ አልጠበቀኝም፤ እሱው ዘጋው። እኔ ግን መዘጋቱን አላወቅሁም። "ይቅርታ፣ መኪና ነው" ብዬ ቀጠልኩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሌሊቱን ያጠናሁትን እንግሊዝኛ ሁሉ እየጨመርኩ። ጨርሼ "ጥያቄ ካለ" ስል ነው ሌላ ሰው ስለ ሌላ ጉዳይ እያወራ እንደሆነ ያየሁት። አክስቴ የፉል ሳህን እንደያዘች ቆማ ታየኝ ነበር።

"አንች ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከማንም ጋር" አልኳት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሹፌሮቹ እንዳያዩብኝ ገንቦው ላይ ጎንበስ አልኩ።

ከእረፍት ስንመለስ ናሆም አንድ ነገር ይዞ ጠበቀን። ከተማ ቀራጭ ቤት ሄዶ ያሠራው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው፤ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ። የሳተላይቷ የጎን ሽፋን ውስጥ በሱፐር ግሉ አጣብቆታል። የሠሪዎች ስም ነበር። ከላይ የራሱ በትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ የአራቱ። አምስት ስም። ቆጠርኩት፤ ደግሜ ቆጠርኩት።

"የኔስ?" አልኩ።

"ቦታ አልበቃም፤ አትጠገብ ብሎ ስም ረዥም ነው" አለና ፈገግ አለ። ፈገግታዬን ሲያጣ ጊዜ ደግሞ ትከሻውን ነቀነቀ። "ለነገሩ ይኼ የሠሪዎች ነው። አንቺ መቼ ሠራሽ? ተቆጣጠርሽ እንጂ።"

ቅንፉ እዚያው ፊታችን ነበር፤ ሞረዴ የቧጠጠው ጠርዝ ይታየኛል። ብየዳውን የሚሠራው ጓደኛችን ቢንያም አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም ሥራ እንዳላቸው ሆኑ። አንድም ሰው "ቅንፉን የሠራችው እሷ ናት" አላለም። ሰው ስለ ስም ሲያለቅስ ታዝባችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ለዝና አይደለም፤ ያ ቅንፍ ካለኔ ስም መሄዱ ልጄን ሌላ ሰው በስሙ እንዳስጠመቀብኝ ሆኖ ተሰምቶኝ ነው። አልቅሼ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰሌዳውም ዕቃ ነው። ሙጫውም ሙጫ ነው። ወደዚያች ሳጥን የሚገባ ዕቃ ሁሉ ደግሞ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

ናሆም ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደ፤ መሪነቱን ግን በስልክ ያዘው። እኔ ከጠረጴዛው ላይ የተረፈውን የሱፐር ግሉ ቱቦ ይዤ ለፋሲካ አገሬ ወረድኩ። ሚያዝያ ነው፤ ቆላው እሳት ነው። አክስቴ ጓሮ፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ላይ፣ የጠራ የጃም ብርጭቆ ደፍቼ ከሥሩ ሙጫ የነካ የአሉሚኒየም ቁራጭ አኖርኩ። አጠገቡ ሙጫ የሌለበት ሌላ ብርጭቆ። በማግሥቱ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጡ እንደ ሽማግሌ ዓይን ነጭ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ጥርት እንዳለ ነው። የደስታ ጩኸት ጮህኩ።

"ምን አገኘሽ?" አለች አክስቴ ወደ ላይ አንጋጣ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ቅንፉን፣ ሰሌዳውን፣ ስሜን። ሰሞነ ሕማማት ስለነበር ከስግደት መመለሷ ነው፤ ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ።

"ስምሽ ሰማይ ላይ ቢወጣ ማን ሊያነበው ነው፣ ልጄዋ?"

"የእሱንስ ማን ያነበዋል አክስቴ? ግን አስጻፈው።"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል" አለችና ሳቋን ዋጠች። "አንች ላይስ ጸሎቱንም አላየሁብሽ።"

ከዚያ ወደ ጎጆዋ ገብታ ከዘር ከረጢቱ አፍ ላይ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ቀድዳ አመጣችልኝ። "እንኪ፤ የሚጣል ከሆነ በወጉ ይጣል" አለችኝ። አክስቴም ቂም አታውቅም ማለት አይደለም።

የመጨረሻው ግምገማ በዚያው ሳምንት በኦንላይን ሆነ። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው፣ ናሆም ከውጭ፣ እኔ ከራኩባው ሥር። የሁሉም ፊት ይታያል፤ የናሆም ቦታ ግን ስሙ ብቻ የተጻፈበት ጥቁር ሳጥን ነበር። ሁልጊዜም የኔ ተራ ሲደርስ ምስሉን አጥፍቶ ወደ ጉዳዩ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የጥራት ሪፖርት የሚሰማው ሰው አልነበረም።

አንድ በአንድ አነበብኩ። ሰሌዳው ላይ ስደርስ ከርከዴ ተጎነጨሁ። "የስም ሰሌዳው ባልተፈተነ ሙጫ ተጣብቋል። ትነቱ የካሜራውን መስታወት ያጨልማል። ሁለቱን ብርጭቆዎች ይመልከቱ" ብዬ ለስልኩ አሳየሁ። "ሰሌዳው ከነሽፋኑ ወጥቶ በትርፍ ሽፋን እንዲተካ፣ ሳተላይቷም ካለ ሰሌዳ እንድትሄድ እጠይቃለሁ።"

"ሌላ ሰሌዳ በተፈተነው ሙጫ ማጣበቅ አይቻልም?" አሉ ዶክተሩ።

"የተፈተነው ሙጫ አልቋል፤ ማስረከቢያው ቀን ደርሷል" አልኩ። እውነት ነበር። እውነት በመሆኑ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም።

"ናሆም፣ ምን ትላለህ?" አሉ።

ከኋላዬ አንድ መኪና ሞተሩን አስነሳ። አሁን ይመለሳል፣ አሁን ድምፁን ይከፍታል፣ በዚያ በሚያምር አንደበቱ ዶክተሩን ያግባባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ዶክተሩ ደግመው ጠሩት። አልመለሰም።

"ስሙ ይታያል፤ አለ ማለት ነው። ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል" አሉና አለፉ።

ከፋሲካ በኋላ ሽፋኑን ከቢንያም ጋር ፈታነው። ቢንያም የራሱም ስም ያለበትን ሰሌዳ በስለት ፈልቅቆ ሲሰጠኝ "እናቴን ስሜ ሰማይ ይሄዳል ብያታለሁ፤ እንዳትነግሪያት ብቻ" አለኝ። ስሜ ቢኖርበት ኖሮ ያን ሙጫ ውድቅ አደርገው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። አደርገው ነበር፤ መስታወት ያጨለመ ሙጫ የማንም ስም ቢጻፍበት ያው ነው። ያኔ ግን እያዘንኩ ነበር የማደርገው። ይኼኛውን እያፏጨሁ አደረግሁት።

ሳተላይቷ ስትሄድ ናሆም በቡድናችን ገጽ ላይ "ስማችን ሰማይ ደረሰ!" ብሎ ለጠፈ። ማንም አላረመውም። እኔም "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ ጻፍኩለት።

ትናንት ሁለተኛው የሥልጠና ቀን ነበር። ከቤት ስወጣ ከቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ነገር አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ናሆም ስለ ወደቁ ዕቃዎች አስተማረ፤ ቀይ ምልክት፣ ለብቻ መቆለፍ፣ ከመርማሪው እጅ አለመውጣት፤ አሳምሮ አስተማረ። ከዚያ "ጥያቄ ያለው?" ሲል እጄን አነሳሁ፤ ድምፃችንን ከፈትኩ። ከውጭ የአንድ መኪና ክላክስ ጮኸ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከመተማ ነው። ያ የስም ሰሌዳ ከመሄዱ በፊት ተመርምሮ የተቀበለው ማን ነበር?"

ቀረብ ብሎ ስክሪኑን አየ። ፊቴን ይሁን ድምፄን እንደለየ አላውቅም፤ ጢሙ ሥር ያለው ከንፈሩ ግን ሲደርቅ አየሁት። "ጫጫታ አለ" አለ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ አሠልጣኙ ድምፃችንን እንደዘጋው የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ።

ድምፁን እንጂ ምስሉን አልዘጋውም። ሰሌዳውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ካሜራው ፊት አቆምኩት። ስሙ ከላይ ነው፣ በትልቅ ፊደል፤ ጥግ ላይ የአክስቴ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አክስቴ ካረፈች ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ ጨርቁ ግን አልደበዘዘም። ከየአገሩ የገቡት ተማሪዎች ሁሉ አዩት። ተማሪዎቼም አዩት። ናሆም ምስሉን አጠፋ። ስሙ የተጻፈበት ጥቁር ሳጥን ብቻ ቀረ።

ማታ መልእክት ላከልኝ። ሰላምታው ረዥም ነው፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ አገሩ ሰላም ጠየቀ። መጨረሻ ላይ "እባክሽ ሰሌዳውን ትልኪልኛለሽ? መታሰቢያዬ ነው" ይላል። ልመናው ልቤን አልነካውም ብል እዋሻለሁ፤ ምክንያቱም እነዚያ ትንንሽ ሳተላይቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ የኛይቱም ወርዳ ተቃጥላ አመድ ከሆነች ቆይታለች። ሰሌዳው ሄዶ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይቃጠል ነበር። ከዚያ ሁሉ ልፋት የናሆም ስም የቀረው እኔ ስለጣልኩት ብቻ ነው። የኔ ቅንፍ እንኳ የለም።

ፉሌን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሰሌዳውን ወደ ሳጥኑ መለስኩና ቁልፉን አዞርኩ። ከዚያ ጻፍኩለት፦

"የወደቀ ዕቃ ከመርማሪው እጅ አይወጣም። የዛሬውን ትምህርትህን ተመልከት።"